በአንድ አቡነ ዘበሰማያት ስንት ትንፋሽ

ጎባ፣ መስከረም ፭ ቀን ፲፰፻፺፬ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ብዙነህ፣ አንኮበር።

ዘመን ከተለወጠ ወዲህ እንዴት ሰነበቱ? ወገብዎንስ ተሻለዎ? እኔ ይኸው አለሁ። እንደ ድሮዬ ወፍራም ነኝ፣ ወሬዬም አልቀነሰም። ልጄ እኅተማርያም ጉልበትዎን ትስማለች። ባሏ አበበም እንዲሁ። እሱ እንኳ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ካለ በኋላ ቀና የሚያደርገው ሰው ይፈልጋል፤ ሆዱን ያውቁታል።

መልእክትዎን የያዘው ነጋዴ ዋቢ ሞልቶበት አሥራ አንድ ቀን ወንዝ ዳር ተቀምጧል። የዘገየሁት በዚያ ነውና አይቀየሙኝ።

ስለ ዳማው ፈረሳችን ሳል ለጠየቁኝ፦ ጠዋት ደረቅ ነው፣ ሲጋልብ ግን ይረጥባል። ከአፍንጫው እንደ አጥሚት ያለ ነጭ ነገር ይወጣል። ከመንጋጋው ሥር ዳብሼ አየሁት፣ እብጠት የለም። ጆሮው አይግልም። ገብሱን እንደ ሙሽራ ሳይሆን እንደ አበበ ነው የሚበላ። በቅሎዋ አጠገቡ እያደረች አልያዛትም፣ ስለዚህ ከፈረስ ወደ ፈረስ የሚዘምት በሽታ አይመስለኝም። ግን ትንሽ ሮጦ ሲቆም ጎኑ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው፤ ሲያዩት ያሳዝናል።

ትንፋሹን ቁጠሪ ላሉኝ፣ እዚህ አገር ሰዓት የሚባለው ነገር ሹሙ ደረት ላይ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አንድ ዘዴ አበጀሁ። ጎኑ ላይ እጄን አድርጌ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፣ እንደራበው ዲያቆን ሳልሮጥ፣ ቀስ ብዬ። ጸሎቱ እስኪያልቅ የጎረቤት ጤነኛ ፈረስ ስምንት ጊዜ ተነፈሰ። ዳማው አሥራ አምስት።

ጋሼ፣ ነገሩን ቀላል አያድርጉት። ባሌ ገብረወልድ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። የምንኖርበት መሬት የፈረሰኛ መሬት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቱን የምትይዘው በጥምቀት ዕለት ከቤቷ አንድ ፈረስና አንድ ፈረሰኛ አውጥታ፣ ፈረሱ በሹሙ ፊት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲጋልብ ከታየ ነው። አምና ዳማው ሁሉን ጥሎ ገብቷል። ዘንድሮ መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ ቢያስል መሬቱ ለሌላ ወታደር ይሰጥና እኔ ልጄን፣ አማቼንና የአማቼን ሆድ ይዤ እርስዎ ደጅ እመጣለሁ። ቤትዎ ስንት ክፍል ነበር?

ገብረወልድ ፈረሱን ከየት አገኘው ለሚሉኝ፣ ከዚሁ አገር ነው። የቀረውን ወንዙ ሲጎድል እጽፋለሁ።

እህትዎ ወለተኢየሱስ


አንኮበር፣ ጥቅምት ፩ ቀን ፲፰፻፺፬

ለእታለም ወለተኢየሱስ።

ደብዳቤሽን አየሁ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፣ አንዱ የኮርቻ ነው። ስለዚህ ፈረሱን እናድን።

በአቡነ ዘበሰማያት መቁጠርሽን ለጌታዬ ስነግራቸው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ሃያ ሰባት ዓመት ባልደራስ ሆኜ ስንት ፈረስ ስጠብቅ ይህን አላሰብኩትም።

የዳማው በሽታ ብርድ ነው። ያንቺ አገር ከኛም ይብሳል ይላሉ። እንግዲህ አባታችን ያደርጉ እንደነበረው አድርጊ። ከቤት አታውጪው። ከምድጃው አጠገብ እሰሪው፣ በሩን ዝጊ፣ በጀርባው ጋቢ ጣይበት። ማታ ማታ የወይራ እንጨት አጢሺና ጢሱን ወደ አፍንጫው አድርጊለት። ደረቅ ጭድ እንጂ እርጥብ ሣር አይቅመስ። ፈረስ ከጌታው ጋር ሲያድር ነው ፈረስ የሚሆነው።

ጥያቄዬን ወንዝ ላይ ጥለሽዋል። ወንዙ እስኪጎድል እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ ብዙነህ


ጎባ፣ ጥቅምት ፳፮ ቀን ፲፰፻፺፬

ለጋሼ ብዙነህ፣ ጤናዎን እየለመንኩ፣ ደግሞም አስቀድሜ ይቅርታ እየለመንኩ።

ይቅርታው ምንድን ነው ቢሉ፣ ያዘዙኝን ሁሉ ዘጠኝ ቀን አድርጌያለሁ። ጋቢው የገብረወልድ ጋቢ ነው። ወይራው ከሩቅ በአህያ የመጣ ነው። በሩን ዘግተን እኛም ከፈረሱ ጋር ታጠንን፣ እኅተማርያም ዓይኗ እንደ በርበሬ ቀላ። በዘጠነኛው ቀን እጄን ጎኑ ላይ አድርጌ ብደግም ሃያ አንድ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። ሃያ አንድ። ወንድሜ፣ እርስዎ ባልደራስ ነዎት፣ እኔ አባታችን ካስቆጠሩን ፊደል በቀር የማውቀው የለኝም። ግን ቁጥሩ የኔ አይደለም፣ የፈረሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ነገሩ እንደ ቁንጫ ይበላኝ ጀመር። አንድ ጠዋት ጭዱን ላቀርብለት ሳራግፍ፣ በበሩ ስንጥቅ የገባችው ፀሐይ ላይ አቧራው ሲነሳ አየሁት። ይህን ያህል አቧራ በየቀኑ ፊቱ ላይ ስደፋበት ኖሬ አላየሁም! ጭዱን ባሸተው ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ክረምቱ እዚህ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣ፣ የምን መድረቅ አለ? አበበ ሊያሸት ቀረበና ሰባት ጊዜ አስነጠሰ።

እንግዲህ የነጠላዬን ጫፍ ቀደድኩና አፍንጫው ላይ ላላ አድርጌ አሰርኩለት። በመጀመሪያው ቀን ቤት ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ጨርቁ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። በሁለተኛው ቀን ሌላ ጨርቅ አስሬ፣ ደጅ ሣር ላይ አዋልኩት። ማታ ጨርቁ ረጠበ እንጂ ነጭ እንደሆነ ነው። በሦስተኛው ቀን ደጅ ላይ ሆኖ ፊቱ ጭድ አራገፍኩ፤ ጨርቁ ቢጫ ሆነ። ሦስቱንም ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ አይቆጡ። የሚገባው ነገር ከሳንባው ሲወጣ ነው የሚያስለው፣ ብርዱ አይደለም ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

ጨርቁን አስሬለት ደጅ ቆሞ ሳለ ኦቦ ገልቹ መጣ። ገልቹ የዚህ አገር ሰው ነው፣ አርሲ። የኛን መሬት የሚያርሱልን እሱና ወንድሞቹ ናቸው። መሬቱ የአባቱ ነበር፤ ነገሩን ያውቁታል፣ የሁሉም ቤት እንዲያ ነው እዚህ። የገብሱን ድርሻ አውርዶ ፈረሱን አየና ሳቁ መጣ።

«አካም ቡልቴ፣ ሃደ እኅተማርያም! ፈርዳውን ልትድሪው ነው እንዴ? ዓይነ ርግብ አልብሰሽዋል!»

«እንዴት አደርሽ፣ የእኅተማርያም እናት» ማለቱ ነው፣ ፈርዳም ፈረስ ነው። እርስዎ የሚባለውን አማርኛ አልተማረም፣ እኔም አላስተማርኩትም።

«አሞት ነው» አልኩት።

«ይታመማል እንጂ። ፈረስ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ጥጃ ነው?»

«ሌባ ስለምንፈራ ነው።»

«ሌባው ማነው?» አለኝ።

ጋሼ፣ ጎንበስ ብዬ የፈረሱን ጨርቅ አስተካከልኩ።  ኋላ ግን ራሱ የፈረሱን ነገር አነሳው። «ቂሌንሳ ስጪው፣ ነፋስ። አርባ ቀን ሳኔቴ፣ ተራራው አናት ላይ ይቆይ፣ ከወንድሜ ከብቶች ጋር። ጣሪያ የለ፣ ጭስ የለ፣ ጭድ የለ። ሣሩ ውስጥ ጦስኝ አለ። አይጋለብ።»

ምን ይመስልዎታል? መልስዎ እስኪደርስ ኅዳር ያልቃል፣ እኔ ደግሞ ከጥምቀት በፊት ያለኝ ጊዜ ትንሽ ነው።

እህትዎ


ጎባ፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፰፻፺፬

ለጋሼ።

መልስዎን ሳልጠብቅ ስላደረግሁት ነገር በእግርዎ ሥር ወድቄያለሁ። ዳማው ከትናንት በስቲያ፣ ኅዳር ስምንት ቀን፣ ሳኔቴ ወጣ።

አበበ ጎራዴውን ታጥቆ በር ላይ ቆመ። «እሜቴ፣ ለጅብ ሥጋ አደራ ይሰጣል? ይህ ሰው በማግሥቱ ቆላ ወርዶ ይሰወራል!»

«ጅብ ቢበላው ባንድ ቀን ነው፣» አልኩት፣ «አንተ ግን ምድጃ ሥር አስረህ በየቀኑ እየቆረስክ እየበላኸው ነው።» እኅተማርያም ሳቀች፣ እሱም ተቆጥቶ በላው፣ ምሳውን ማለቴ ነው።

ልቤ ግን እንደ አፌ አልነበረም። ገልቹን ለብቻው ጠርቼ «ምን መያዣ ትሰጠኛለህ?» አልኩት።

«ቤቴ እዚህ ነው። ልጆቼ እዚህ ናቸው። የአባቴ መቃብር እዚህ ነው። አንቺ ብትጠፊ ግን እኔ የት ብዬ እፈልግሻለሁ?» አለኝ። ደግሞ በሼክ ሁሴን ማለልኝ። በአርባኛው ቀን፣ ታኅሣሥ አሥራ ስምንት ማለት ነው፣ ያመጣልኛል።

ሲወስደው ያየሁት አንድ ነገር አለ። ዛሬ አልጽፈውም። ወንዙ ጎድሏል፣ እኔ ነኝ ያልጎደልኩ።

ወለተኢየሱስ


አንኮበር፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፲፰፻፺፬

ለእታለም።

የጥቅምቱ ደብዳቤሽና ሦስቱ ጨርቆች ደረሱኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ሴት ልጅ ነጠላ ቀድዳ ባልደራስ ልታርም! ብዬ ጨርቆቹን ወዲያ ጣልኳቸው። ማታ አነሳኋቸው። በማግሥቱ በጌታዬ ጋጣ ላሉት ሰባት ፈረሶች ሁሉ አፍንጫቸው ላይ ጨርቅ አሰርኩ። የጋጣው ሰዎች አብዷል ብለው ጠበል ሊወስዱኝ ተማከሩ።

ሰባቱም ጠቆሩ። በጣም የጠቆረው ከበሩ የሚርቀው ነው፣ እሱም ነው የሚያስለው።

አምባላይን ታስታውሺዋለሽ? ጌታዬ ከልጃቸው አብልጠው የሚወዱት ነጩ ፈረስ። ስለምወደው ከሁሉ ለይቼ ከእሳቱ አጠገብ፣ ከጋጣው ጥግ አሰርኩት። እዚያ ካሰርኩት በሦስት ዓመቱ ጎኑን እየሳበ ሞተ። ብርድ ነው አልኩ። አባታችንም ሁለት ፈረስ እንዲሁ ብርድ ነው ብለው ቀብረዋል። ይህን ለሰው አልተናገርኩም፣ ላንቺ ጻፍኩት።

ጋጣው ጣሪያው ላይ ቀዳዳ እንዲከፈት፣ ጭዱም በውኃ ተነክሮ እንዲቀርብ አዝዣለሁ። አንቺም ጭድ መስጠት ካለብሽ ነክረሽ ስጪ።

ለዚያ ሰው ግን ፈረሱን እንዳትሰጪ። ደጅሽ ላይ እሰሪው፣ ሁለት ሰው ይጠብቀው። አገሩ ገና አልለመደሽም፣ አንቺም አልለመድሽውም። ደግሞ ፈረሱ ከየት እንደመጣ ሳልሰማ ምክር መስጠት ዓይን ጨፍኖ ማረም ነው።

ብዙነህ


ጎባ፣ ታኅሣሥ ፳ ቀን ፲፰፻፺፬

ጋሼ ብዙነህ፣ እንዳትሰጪ የሚለው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ፈረሱ ከሄደ ከአርባ ቀን በኋላ ነው። እግዜር ነጋዴውን ይባርከው፤ ቢፈጥን ኖሮ እታዘዝዎ ነበር።

ስለ አምባላይ አነበብኩና አለቀስኩ። ከዚህ በላይ አልልም።

ታኅሣሥ አሥራ ስምንት ቀን ገልቹ አልመጣም። ቀኑን ሙሉ መንገድ መንገዱን ሳይ ዋልኩ። ሚስቱን ብጠይቃት ላይ ነው ያለው አለችኝ። አበበ ጋሻውን ብቻ ይወለውላል። መናገሩ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ በቅሎዬን ጭኜ ከአበበ ጋር ወደ ሳኔቴ ወጣሁ። የአስታውን ቁጥቋጦ አልፈን ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል እንደ ሰው ቆሞ የሚታይበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ጉም ነው፣ ጣት አይታይም። እኔ በልቤ መሬቱን አስረክቤ፣ አንኮበር ኮርቻው ክፍል ውስጥ ምንጣፌን አንጥፌያለሁ። ከዚያ ኮቴ ሰማን። ዳማው ያለ ልጓም፣ ያለ ሰው፣ ከጉሙ ወጥቶ በፊታችን አለፈ። አልሳለም። ጠጉሩ ረዝሟል፣ በረዶ ጠጉሩ ላይ አለ፣ ጋቢ የሚያሻው አይመስልም።

ገልቹ ከኋላው መጣ፣ በኔ መምጣት ተገርሞ።

«አርባው ቀን ትናንት አለቀ!» ብሎ አበበ ጮኸ።

«የት አለቀ? ሳሉ የቆመው ኅዳር ሃያ ስምንት ነው። እኔ ከዚያ ነው የምቆጥረው። እያሳለ ያለፈውንም ቀን ትቆጥራላችሁ እንዴ?»

ይኸው ነው፤ እኛ ቀኑን ፈረሱ ከወጣበት ቆጠርን፣ እሱ ፈረሱ ከዳነበት። እጄን ጎኑ ላይ አድርጌ ደገምኩ። ዘጠኝ። «ትንፋሹ ስምንት ካልሆነ አልወርድም» አለ ገልቹ። ጥር ስምንት ነው እንግዲህ የሚወርደው፣ ለጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀር። ይዤው ልውረድ ወይስ ልተወው? አበበ ልጓሙን በእጁ ይዟል።

ተውኩት። ለምን ተዉሽው ለሚሉኝ የቆየውን ጥያቄዎን ልመልስ።

ገብረወልድ ፈረሱን አልገዛውም። ከስድስት ዓመት በፊት ከዘመቻ ሲመለስ ነው የነዳው፣ ውርንጭላ ነበር። ከማን በር እንደፈታው አልጠየቅሁትም። ሴት ምን አገባት ብዬ ነው፣ ደግሞ ውርንጭላው ያምር ነበር። በኅዳሩ ዕለት ገልቹ ሊወስደው ሲመጣ ግን ገመዱን አልያዘም። ደጅ ቆሞ በከንፈሩ አንድ ጊዜ አፏጨ። ዳማው፣ አበበ ሦስት ሰው ጨምሮ ካልጎተተው የማይነቃነቀው፣ ጆሮውን አቁሞ ከምድጃው ሥር ተነስቶ ወጣና አገጩን ትከሻው ላይ አደረገለት። ያን ዕለት ያልጻፍኩልዎ ይህን ነው።

ትናንት ጉሙ ውስጥ ጠየቅሁት። «ያንተ ነበር?»

«የታላቅ ወንድሜ ነበር። እናቱ ስትወልደው ሞተች፣ በላም ወተት ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ በዚያ ዘመቻ ሞተ።»

«ስድስት ዓመት አጠገቤ ስትኖር ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?»

«አልሰጥህም ነበር» አልኩ። ምን ልዋሽ?

«እንግዲያ» አለ።

እያሳለ ሲያየው ምን ይሰማው ነበር ይሆን፣ ጋሼ? ገብስ ሊያወርድ በመጣ ቁጥር በበሩ በኩል ይሰማዋል እኮ።

ወለተኢየሱስ


ጎባ፣ ጥር ፲፫ ቀን ፲፰፻፺፬

ለጋሼ ብዙነህ፣ እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሰዎ፣ የአንኮበሩን ጋጣ ፈረሶችም ጭምር።

ጭንቀትዎን ላሳጥር። መሬቱ ጸና። ምንጣፌን ከኮርቻው ክፍል አንስቻለሁ።

ጥር ስምንት ጎህ ሲቀድ ገልቹ በራችን ላይ ነበር፣ ፈረሱ ከኋላው ያለ ገመድ። ሦስቱን ቀን ደጅ ነው ያደረው፣ አበበ ራሱ አጠገቡ ደጅ አደረ፤ አሁን የሚያስለው እሱ ነው። በዕለቱ አንደኛ ወጣ ወይ ለሚሉኝ፣ አልወጣም። ሦስተኛ ነው። አምና የጋለበው ገብረወልድ ነበር፣ ቀጭን ሰው። ዘንድሮ ምን እንደተሸከመ ያውቃሉ። አበበ ግን እስከ ዛሬ «አንደኛ ነበርኩ፣ ሁለቱ ቀድመውኝ ነው እንጂ» ይላል። ሹሙ ፈረሱን አስጠርተው አፍንጫውን አዩ፣ ደረቅ ነው። «የማን ቤት ነው?» አሉ። «የገብረወልድ» ተባለ። ተጻፈ።

ትናንት ጠዋት ማንንም ሳላማክር ዳማውን ይዤ ወደ ገልቹ ቤት ሄድኩ። ገመዱን ሰጠሁት። «ያንተ ነው። ከዓመት ዓመት ካንተ ጋር ይሁን። ለጥምቀት ብቻ አውሰኝ» አልኩት። መንገድ ላይ ስናገረው በጣም ደግ ሰው መስዬ ይታየኝ ነበር።

ገመዱን በእጁ ያዘ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደኛ ቤት፣ ወደ ገብሱ እርሻ አየ።

«መሬቱስ?» አለኝ።

 ጋሼ፣ ያን መሬት ላለማጣት ነበር እኮ ይህን ሁሉ የደከምኩት። እርስዎም መልስ አይላኩልኝ፣ የሚላክ አይደለም። ገልቹም አልደገመውም። «ጥምቀት ሲደርስ ነይ» ብሎ ፈረሱን ወደ ሣሩ ለቀቀው።

ልሄድ ስል እስኪ ለመጨረሻ ልቁጠር ብዬ እጄን ጎኑ ላይ አደረግሁ። ጸሎቱን ጀመርኩ፣ ትንፋሹንም ያዝኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ። በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ቦታ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ። እዚያው ቦታ ጠፋብኝ። ስንት ወር በዚህ ጸሎት ስቆጥር አንድ ቀን ቃሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ ቁጥሩን ብቻ ነበር የምሰማው።

ገልቹ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየኛል። «ምነው ሃደ እኅተማርያም፣ ዛሬ አልቆጠር አለሽ?»

«እኔ ጸሎቱን ልበል፣ አንተ ቁጠርልኝ» አልኩት።

መጥቶ መዳፉን ከመዳፌ አጠገብ ዳማው ጎን ላይ አደረገ። ጸሎቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልኩት፣ ያን ቦታም ሳልዘል፣ ቀስ ብዬ። ሲያልቅ ጠበቅሁት።

«ሰዴት» አለኝ።

ስምንት ማለቱ ነው።

እህትዎ ወለተኢየሱስ